የኮማንደር ዱካሌ የመጨረሻ ስምሪት

የዲላ ከተማ ፖሊስ የስምሪት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ኮማንደር ዱካሌ ሹንዶ ለወራት ሲታመሙ ቆይተው፣ እሸት ቡና በሚለቀምበት በዚህ ሰሞን ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸውም ዘመድ ወዳጅ፣ የሥራ ባልደረባና የከተማው ሕዝብ በተገኘበት ተፈጽሟል። ከወናጎም ከቡሌም ሰው በመኪና ተጭኖ መጥቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው።

ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው። እኔ ረዳት ኢንስፔክተር ዘሀራ ነኝ። ኮማንደሩን የምታውቁ ሁሉ እኔንም ታውቁኛላችሁ፤ ከእጃቸው ሥር ሥራ ስማር፣ ስቆጣቸውና ሲቆጡኝ ብዙ ዓመት አይታችሁናል። «የኮማንደሩ ልጅ» እያላችሁ ነበር የምትጠሩኝ። በቀብራቸው ዕለት በዓይናችሁ ፈልጋችሁ አጣችሁኝ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላምታ የነሱኝ አሉ። ገበያው መሐል ሱቅ ይዛ ሰው ስታስተናግድ የኖረችው እናቴ እንኳ «የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ልጅሽ የት ነበረች ይለኛል፤ ምን ልበል?» አለችኝ። የት እንደነበርኩ እነግራችኋለሁ። ግን ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አለዚያ መልሱ አይገባችሁም።

ስምሪት ማለት የከተማውን ፖሊሶች በየጣቢያው መደልደል ነው፤ ለመናኸሪያው ስንት፣ ለገበያው ስንት፣ ለዩኒቨርሲቲው በር ስንት፣ ማን በየትኛው ፈረቃ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሰው ግን መቼም አይበቃም። አንዱ ጣቢያ ላይ የጨመሩትን ከሌላው መቀነስ ግድ ነው፣ የተቀነሰበት ደግሞ ያኮርፋል። ኮማንደር ዱካሌ በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ የሚያኮርፍባቸው ሰው ያልነበረበት ቀን አላስታውስም።

ጠረጴዛቸው ላይ የከተማው ካርታ በቀለም የተሳለበት ትልቅ ኮምፔንሳቶ ነበር። በላዩ የለስላሳ ቆርኪዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ቆርኪ ውስጥ የአንድ ፖሊስ ስም በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። የራሳቸው ቆርኪ በሰሌዳው ጥግ፣ ከሁሉም ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ያንን ሰሌዳ አልተዉም። «ኮምፒውተሩ ላይ ሰው ስም ነው። እዚህ ግን በእጄ አነሣዋለሁ፣ ስለዚህ ከማንሣቴ በፊት አስባለሁ» ይሉ ነበር።

እኔ መጀመሪያ የገባሁባቸው ልጣላቸው ነው። ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ ቡሌ መውጫ ጣቢያ መደቡኝ። ያ ጣቢያ ከከተማው በላይ፣ ወደ ቡሌ በሚወስደው ዳገት ላይ ያለ ነው፤ በፖሊሱ ዘንድ የቅጣት ቦታ ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ሰላምታ ሰጥቼ ቆምኩና «ጌታዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አልኳቸው።

«ከቤትሽ እስከ ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» አሉኝ፣ ከሰሌዳው ቀና ሳይሉ።

«በባጃጅ ነው የምሄደው፣ ጌታዬ።»

«ሲዘንብ ባጃጅ ያንን ዳገት ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«እንግዲያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሂጂና ለክተሽ ነይ፣ ከዚያ ቅሬታሽን እሰማለሁ።»

ለክቼ ተመለስኩ። በንዴት ጨሻለሁ፣ ጫማዬ ጭቃ ብቻ ነው። «አርባ ደቂቃ» አልኳቸው። ቆርኪዬን አነሡ፣ ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ መልሰው እዚያው ዳገት ላይ አስቀመጡት። «ቅሬታሽን ሰምቻለሁ» አሉ። በማግስቱ ግን የጠዋት ፈረቃዬ በአንድ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በሁለት ሰዓት እንዲጀምር የሚል ወረቀት ደረሰኝ። በወረቀቱ ግርጌ በእጃቸው «ቆርኪ አይደክመውም፣ ሰው ግን ይደክመዋል» ብለው ጽፈውበታል። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

እንዲህ ነበሩ። የምታጠባ ፖሊስ ካለች ለቤቷ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ ሳትጠይቅ ታገኛለች። የበዓል ፈረቃ ሲያወጡ ለገናና ለፋሲካ ሙስሊሞቻችን ጣቢያ ይይዛሉ፣ ለኢድ ደግሞ ክርስቲያኖቹ። አንድ ዓመት ለኢድ የሚተካኝ ሰው ታመመ። እሳቸው የፕሮቴስታንት ሽማግሌ፣ ከረባታቸውን እንኳ በሰንበት የማያላሉ ሰው፣ ራሳቸው መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና «ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አሉኝ። እናቴ ምግብ በሳህን አድርጋ ላከችላቸው። ሳህኑ ታጥቦ፣ ቆጮ ተሞልቶበት ተመለሰ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እናቴ ስለ ፖሊስነቴ ማማረር ትታለች።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ኮማንደሩ ራሳቸው በሄዱበት ሁሉ ይናገሩት ስለነበር እኔም አልደብቀውም።

በየጊዜው የጣቢያ ኃላፊዎች ለድልድል ሲሰበሰቡ የሚያሸንፈው ድምፁ የሚጎላ ነበር። ኮማንደሩ ይህን ለማስቀረት አንድ ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ ጣቢያ የሚያገኘው የሰው ብዛት በዕለት ሁኔታ መዝገቡ ላይ በሰፈረው አቤቱታ ብዛት ይወሰናል። ብዙ አቤቱታ ያለበት ብዙ ሰው ያገኛል፣ ጥቂት ያለበት ጥቂት። ጩኸቱ ጠፋ። ሁሉም ፍትሐዊ ነው አለ።

የእኛ መዝገብ ግን ባዶ ነበር። እኔ ነበርኩ የምይዘው፤ በንጽሕናው እኮራበት ነበር። ቀኑን እጽፋለሁ፣ ከሥሩ «የተመዘገበ ነገር የለም» እላለሁ፣ እፈርማለሁ። በእያንዳንዱ ድልድል ከእኛ ሰው ይነሣል። በመጨረሻ ሦስት ቀረን። ቀጥሎም ጣቢያው ይዘጋ፣ ሥራ የለውም፣ ሦስቱ ሰዎች ወደ ገበያው ይውረዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኮማንደር ዱካሌ ለርክክብ ወንበርና ጠረጴዛ ሊቆጥሩ በእግራቸው ወደ እኛ ሲወጡ ዝናብ ያዛቸው። የተጠለሉት ሶንጎ ውስጥ ነበር፤ ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሰው ጉዳይ የሚያዩበት ቦታ ነው። ዝናቡ ቢያባራም አልተነሡም። የጓሮ ቡናው የተለቀመበት፣ የተደበደበ፣ ከገበያ ስትመለስ የተቀማች፣ ሁሉም ተራ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ሁሉም የእኛ ጣቢያ ሰፈር ሰዎች ናቸው።

ሸንጎውን የሚመሩትን ሽማግሌ፣ ሀይቻ ቦኮን፣ «ይህ ሁሉ ሰው ለምን ወደ ጣቢያ አይሄድም?» ብለው ጠየቋቸው። ሀይቻ የሽማግሌ ማዕረግ ነው። የሰጡትን መልስ ኮማንደሩ በኋላ ቃል በቃል ነገሩኝ፣ አነጋገራቸውን እንኳ ሳይለውጡ።

«ሄደን ነበር እኮ። እዚያ ያለው ልጅቷ ‹ሰው የለንም፣ ነገ ኑ› ይለናል። ነገ ስንሄድ ደግሞ ነገ ይላል። እኛም ሥራ አለን፣ ቡናው አለ፣ እንሰቱ አለ። ተውነው።»

ልጅቷ እኔ ነበርኩ። ሦስት ነበርን፤ አንዱ እረፍት ይወጣል፣ አንዱ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ እኔ ጣቢያውን ለብቻዬ ጥዬ መውጣት አልችልም። የመጣውን ሰው ነገ እያልኩ እመልሳለሁ፤ የመለስኩትን ደግሞ አልመዘግብም።

ኮማንደሩ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። መዝገቡን ጠየቁኝና ቆመው ገጽ በገጽ ገለጡት። «ንጹህ ነው ጌታዬ» አልኳቸው፣ እንደ ሞኝ።

«ንጹህ አይደለም ዘሀራ። ባዶ ነው» አሉ። ቁጣ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰው ስለሌለ አቤት የሚል ጠፋ። አቤት የሚል ስለጠፋ ሰው ቀነስኩ። ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው?»

መዝገቡን ከደኑት።

«እኔ ነኝ» አሉ። ወንበሮቹን ሳይቆጥሩ ወረዱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ይዘውኝ ገቡ። የጣቢያ ኃላፊዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል፣ የዚያን ጊዜው አለቃቸውም አሉ። ኮማንደር ዱካሌ ተነሥተው «ደንቡ የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው» ብለው ጀመሩ። ቡሌ መውጫ መዘጋቱ ቀርቶ አምስት ሰው ይጨመርለት አሉ። የገበያው ጣቢያ ኃላፊ ሳቁ። «ለባዶ መዝገብ ሰዎቼን ልስጥ?» አሉ። አለቃው ደግሞ በማስረጃ ላይ ያልቆመ ድልድል አልፈርምም አሉ።

«ሦስት ወር ስጡኝ» አሉ ኮማንደሩ። «መዝገቡ ካልሞላ ጣቢያውን ዝጉ፣ እኔንም ከዚህ ወንበር አንሡኝ።»

«አምስት ሰው ግን የለም» አሉ አለቃው። «ከየትም አያገኙም። አራት ብቻ።»

ኮማንደር ዱካሌ ሰሌዳቸውን ይዘው ነበር የመጡት። አራት ቆርኪ አንድ በአንድ አነሡና ዳገቱ ላይ አኖሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጥጉ ሰደዱ፣ የራሳቸውን ቆርኪ አነሡና አምስተኛ አድርገው አስቀመጡት። በቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነበር፤ «ኮማንደሩ ራሳቸውን መደቡ» ብዬ ጻፍኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ቢሯቸው፣ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ሆኑ። ሰዓታቸውን ይዘው ከጣቢያው እስከ እያንዳንዱ መንደር ጫፍ ሄዱ፣ ደቂቃውን በትልልቅ ቁጥር ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። ከሀይቻ ቦኮ ጋርም ተስማሙ፤ ዕርቅና የድንበር ጉዳይ በሶንጎው ይቀጥላል፣ ስርቆትና ድብደባ ወደ እኛ ይመጣል። «እናንተን ልተካ አልመጣሁም፤ ሸክማችሁን ልጋራ ነው የመጣሁት» አሏቸው።

መጀመሪያ ደፍረው የመጡት እማማ ብርቄ ናቸው። ቆጮ ተሸክመው ገበያ የሚወርዱ፣ በጓሯቸው ትንሽ ቡና ያላቸው ሴት። በር ላይ ቆመው «ዛሬም ነገ ነው?» አሉኝ። ኮማንደሩ ከውስጥ ሰምተው ወጡ፣ ወንበር ሳቡላቸው። ማዳበሪያ ሙሉ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ተሰርቀው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ወናጎ ሊጫን ሲል ያዝነው። እማማ ብርቄ ማዳበሪያውን ሲያዩ ከፍተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና «የእኔ ነው» አሉ። ወሬው በዚያው ቀን ዳገቱን ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ እጄ መጻፍ እስኪደክመው ድረስ ሰው መጣ።

ታዲያ በሁለተኛው ወር ኮማንደሩ ተጠሩ። ሪፖርቱ ላይ ቡሌ መውጫ ከከተማው ሁሉ ወንጀል የበዛበት ሆኖ ወጥቷል። «እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ሰፈሩ ተበላሸ እኮ» አሏቸው አለቃው።

«ወንጀሉ አልበዛም ጌታዬ፤ ሰሚ አገኘ እንጂ» አሉ።

የሦስተኛው ወር ስብሰባ ቀን ከግቢው ውጭ ሳይጠራ የመጣ ሰው ነበር። ሀይቻ ቦኮና የሶንጎው ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው እማማ ብርቄና የሰፈሩ ሴቶች ቆመዋል። አንድም ሰው አልጮኸም። አለቃው በመስኮት አዩአቸው፣ መልሰው መዝገቡን አዩ፣ ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ። የገበያው ጣቢያ ኃላፊ ተነሥተው ኮማንደሩን አቀፏቸው፤ ይህንንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጽፌዋለሁ፣ ማንም አልሰረዘውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማችን ድልድል የሚሠራው በአቤቱታ ብዛት ብቻ አይደለም። ከጣቢያው እስከ መጨረሻው ቤት ያለው የእግር መንገድም ይታያል። መዝገቡ ባዶ የሆነ ጣቢያ ደግሞ ሰው ከመቀነሱ በፊት «ለምን ባዶ ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። የቅጣት ቦታ ይባል የነበረው ጣቢያ ዛሬ ሰው ልመደብበት ብሎ የሚለምንበት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ። ታመሙ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ሰሌዳውን አልጋቸው ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው፤ ነርሷ ተቆጥታ ተቆጥታ ትታቸዋለች። የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። «ስሞት ነው የሚከፈተው። አሁን ከከፈትሽው በዲሲፕሊን እከስሻለሁ» አሉኝ። ሳቅሁ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ያረፉ ዕለት በአለቆቻችን ፊት ፖስታው ተከፈተ። የቀብራቸው ቀን ስምሪት ነበር። ባልደረባ ሲሞት ፖሊሱ ሁሉ ለቀብር እንደሚወጣ፣ ጣቢያዎቹ ባዶ እንደሚቀሩ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ከየጣቢያው ማን ቀብር እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀር በስም በስም ጽፈዋል። ቡሌ መውጫ ላይ ከሁለት ኮንስታብሎች ጋር የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የሚቀሩት በደንብ የሚያውቁኝ ናቸው። ሌሎቹን ባስቀር ያኮርፋሉ፤ እነዚህ ግን ይገባቸዋል።»

አልገባኝም። ተናድጄባቸው ነበር፤ በሞተ ሰው እንዲያ እናደዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ሌሊቱን ጣቢያ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ፤ ለጣቢያው ሌላ ሰው ይቁም፣ እኔ አስከሬናቸውን ሳልሸኝ አልቀርም። ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ እስከ ዋናው አስፋልት ወረድኩ። ከዚያ ዳገቱን ቀና ብዬ አየሁና ወደ ጣቢያው ዞርኩ። አርባ ደቂቃ።

ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ መራመድ የሚችል ሁሉ ወርዷል። የመዘምራኑ ድምፅ ከታች ሽቅብ ይሰማ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በር ላይ የዘንግ ድምፅ ሰማሁ። ሀይቻ ቦኮ ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከቀብሩ ቀርተዋል። ያንን ሁሉ መንገድ እንዴት እንደመጡ እንጃ።

«እማማ ብርቄ ጓሮ የማላውቀው ሰው ቡና ይለቅማል። ባጃጅም አቁሟል» አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው «ዛሬ መቼም ሰው የለም» አሉ።

«አለ፣ አባባ» አልኳቸው።

አንዱን ኮንስታብል ከእሳቸው ጋር ትቼ ከሌላው ጋር ሮጥኩ። ግድግዳው ላይ በኮማንደሩ እጅ ለእማማ ብርቄ ቤት «አሥራ አንድ ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። በዘጠኝ ደቂቃ ደረስን። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፖሊስ ሁሉ ቀብር ይሄዳል ብለው ቀኑን መርጠው የመጡ። ከነማዳበሪያቸው፣ ከነባጃጃቸው ያዝናቸው። አንደኛው ጣቢያ ሲገባ «እናንተ ቀብር አልሄዳችሁም እንዴ?» አለኝ። እናንተም የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነበር።

እማማ ብርቄ ከቀብር ሲመለሱ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ ነበር። ቡናቸውን በጣቢያው በር አገኙት። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ፣ ዞረው አቀፉኝ። ኮማንደሩ ለምን እኔን እንዳስቀሩኝ የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ ጮክ ብዬም ሳቅሁ።

እንግዲህ ጌታዬ፣ ይህ የመጨረሻ ሪፖርቴ ነው፤ ቆሜ ነው የማቀርበው። በቀብርዎ ዕለት በዲላ ከተማ ባዶ የቀረ ጣቢያ አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ጻፉት ቆሟል። የቡሌ መውጫ መዝገብ ያን ቀን ባዶ አይደለም፤ አቤቱታው፣ የደረስንበት ሰዓት፣ የተያዙት ሁለቱ ሰዎች፣ ሁሉም በእጄ ተጽፏል። አፈር ሳላለብስዎ ቀርቻለሁ፤ ይቆጨኛል፣ ሁሌም ይቆጨኛል፣ ኩራቴ ግን ከቁጭቴ ይበልጣል። ሰሌዳዎን አዲሱ ኃላፊ ተረክበዋል። የእርስዎን ቆርኪ ከዳገቱ ላይ ሊያነሡ ሲሉ «እሱ ይቆይ» አልኳቸው፤ ተዉት። ደህና ይረፉ፣ ጌታዬ። ከአሁን በኋላ በዚያ በር ለሚመጣ ሁሉ መልሳችን አንድ ነው፤ ሰው አለን።